ሲጠሩት የሚነቃ

ጥር ነበር። ኮስኪላ ላይ ጀንበር ጠፍታ ከርማ፣
ወንዙ ድንጋይ ሆኖ፣ የጀልባ ድምፅ አይሰማ።
የድሮው የወረቀት ፋብሪካ አዳራሽ
በሰርቨር ተሞልቶ፣ ያለ አንድ ተመላላሽ፣
ሌሊቱን ያጓራል፣ ወፍጮ እህል የሌለው፤
ኪሎዋት ይውጣል፣ ዱቄቱ ግን የት አለው?

ወር ተረኛው እኔ ነኝ። ስክሪኑ ፊት ለፊት
አርባ ሁለት ስዊች፣ ሦስት ሺህ ገመድ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሌሊት።
መስመሩን ሳየው፣ ዝር ያለ መንገደኛ የለ፤
ስዊቹ ግን ሁሉ ዓይኑን እንዳፈጠጠ አለ።

«እነዚህ» አለች ሲርካ፣ ጓንቷን እያወለቀች፣
(ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ነው፤ ሽፋሽፍቷ ላይ በረዶ ይዛ ገባች)
«እነዚህ ደጅ ጠኚ ናቸው፣ ስማቸው ሳይጠራ
ቀለብ የሚሰፈርላቸው፣ ሳይሠሩ ሥራ።
አንድ ሰው በሦስት ቀን አንዴ ቢጠይቅ የአውቶቡስ ሰዓት፣
ስለዚያ አንድ ጥያቄ ሦስት ቀን ሙሉ ይነድዳል እሳት።
ይተኙ! ሲጠሩ ይነሡ፣ አቤት ይበሉ፣ ያድርሱ፣
ከዚያም ያለ ኀፍረት ወደ እንቅልፋቸው ይመለሱ።»

ስሙ «ሰርቨር አልባ» ነው። ሳቄን ልይዘው ቢያቅተኝ
«ይኸ ሁሉ ብረት ቆሞ?» አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ፦
«ሰርቨሩማ አለ፤ የሌለው ጌታው ነው።
ማንም የማንም ሎሌ አይደል፤ የሚነሣው ባለ ተራው ነው።»

ሁለት በረዶ እስኪቀልጥ ሠራን። ትልቁን ኮድ ሸነሸንነው፤
ቁራሽ ቁራሽ አድርገን፣ ለየብቻው ስም ሰጠነው፦
አንዱ መስመር የሚለካ፣ አንዱ የጠበበውን የሚያሰፋ፣
አንዱ የተኛውን ስዊች ቀስቅሶ ወዲያው የሚጠፋ።

የመጀመሪያው ሌሊት ፈራሁ። መብራቱ በየረድፉ ከሰመ፤
ዓመታት የለመድኩት ጉርምርምታ፣ እንደ በሽተኛ ትንፋሽ ደከመ፣ ቆመ።
ከዚያ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከወንዙ ማዶ
አንዲት አዋላጅ መንገድ ጠየቀች፤ ጎዳናውን ውጦታል በረዶ።
አንዲት ቁራጭ ኮድ ነቃች፤ ዓይኗን አሸት አሸት፣
(ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ከብርድ የሚነሣ ሁሉ ያለበት መዘግየት)
መንገዱን አሳየቻት፣ ተኛች። አበቃ።
አዋላጇ አላወቀችም፣ ስለሷ ማን እንደነቃ።

በወሩ መጨረሻ አለቃችን ቬይኮ ሒሳቡን አይቶ
«ይሄ ቁጥር አይሆንም» ብሎ፣ ቆጣሪ ጠጋኝ ላከ ተቆጥቶ።
ጠጋኙ ነካክቶ ነካክቶ፣ ምንም ያልታመመ ቢያገኝ፣
ለመጣበት አስከፍሎ ሄደ፤ እኔን ደስ አለኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ባማረ ነበር መዝጊያው፤
ግን የኛ ብረት ትኩስ ትንፋሽ ነበር የሕዝብ መዋኛው ማሞቂያው።
የሥራ ፈቶቹ ላብ በቧንቧ እየወረደ ማታ ማታ
ገንዳውን ያለብሰው ነበር፣ እንደ ጋቢ፣ በዝምታ።

በየካቲት ቴርቱ መጣች፣ የሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ወረቀት ስትቆርጥ ያለፈ ወጣትነቷ፣
ፎጣዋ በትከሻዋ፣ በር ላይ ቆማ፦ «ውሃው በረደ።
ሁለት ዲግሪ። የለካው ጉልበቴ ነው። ሙቀቱ ማን ዘንድ ሄደ?»

ሲርካ ዝም አለች። እኔም።
ስናባክን አንድ ሰው እየሞቀ እንደነበር
ሒሳባችን ውስጥ አልነበረም።

ብክነት ጎረቤት ነበረው።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ቁራጭ ጨመርን፣ ስሟ «ቴርቱ»፦
ቀን የተከማቸ ከባድ ሥራ ካለ፣ እስከ ንጋቱ
ታስጠብቀዋለች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ትቀሰቅሳለች ብረታብረቱን፣
ገንዳው ቀድሞ እንዲሞቅ፣ ሴትዮዋ ሳታወልቅ ካፖርቷን።

አንድ ዲግሪ መለስን። አንዱ ግን ቀረ።
ቴርቱ ታውቃለች። «ይሁን» አለች፣ «ልጅ ሆኜ የምዋኘው ወንዙን ሰብሬ ነበረ።»

አሁን ሌሊት ሌሊት፣ ስክሪኑ ሲጨልም፣ ሹራቤን ደርቤ
ዓይኔን እከድናለሁ ትንሽ፣ ስልኬን ከጆሮዬ አቅርቤ፣
እንደነሱ፣
የሚጠራኝ እስኪጠራኝ።